የጣሪያ ወሬ

መስከረም 14 ቀን

ለተከበሩ የስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? መልስ ይጽፉልኛል ብዬ ስላልጠበቅኩ ፖስታውን እዚያው መጋዘኔ ውስጥ ቆሜ ቀደድኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ መስመር ስለሆነ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ «ታሪኩ ምኑ ላይ ነው?» ነው የሚለው።

እውነትዎን ነው። በሁለቱ ደብዳቤዎቼ ሁሉን ነገር አግበስብሼ ስለላክሁልዎ የቱን ይዘው የቱን ይጣሉ? አሁን በወጉ ልሞክር። እኔ የጨርቅ ፋብሪካው የክር መጋዘን ኃላፊ ነኝ። ጉልበቴ ሳይከዳኝ በፊት ለፋብሪካው የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን አሥራ አንድ ዓመት ተጫውቻለሁ። አሁን የቡድን መሪ ይሉኛል። መሪ ማለት ማሊያ ማጠብ፣ መረብ መጣፍ፣ ፈረቃ ማለዋወጥ፣ ለእርስዎም ደብዳቤ መጻፍ ነው። አሰልጣኛችን ጥገና ክፍል የሚሠራ ሰው ነው፤ ማሽኑም እኛም ስንሰበር የሚጠራው እሱ ነው። ልጆቹ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆመው ውለው ነው መጥተው የሚዘሉት። በሜዳችን ከተሸነፍን አራት ዓመት አልፎናል።

ታሪኩ ይህ ካልሆነ ደግሞ ጣሪያው አለ። የአዳራሻችን ቆርቆሮ ከመረቡ በስተግራ ያፈሳል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ሦስት ባልዲ እንደረድራለን። ወለሉ እንጨት ነው፤ ውሃ ከነካው ሳሙና ነው። ለአስተዳደሩ አምስት ጊዜ ጽፈናል፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብን። ጋዜጣ ላይ ቢወጣ ምናልባት ያፍሩ ይሆናል።

ለምን አይደውሉም እንዳይሉኝ፣ ስልኩ ያለው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነው። እዚያ ቢሮ ግድግዳው ሁሉ ጆሮ ነው።

የቡድን መሪዋ


ጥቅምት 2 ቀን

ለቡድን መሪዋ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። «ሴቶች ስለሆንን ነው ወይ?» ለሚለው ጥያቄዎ አይደለም ብዬ ብመልስ ደስ ይለኝ ነበር። በከፊል ነው። የቀረው ግን የቦታ ጉዳይ ነው። የስፖርት ገጽ ሲባል ሰምተው ሙሉ ገጽ እንዳይመስልዎ፤ ግማሽ ነው። የግማሹን ግማሽ የከተማው ትልቁ የእግር ኳስ ክለብ ይወስደዋል። ማስታወቂያ የበዛ ቀን ደግሞ እኔም ክለቡም አብረን እንወጣለን። እዚህ ቤት ስሜ «ባለግማሹ» ነው። ጥበቃው ሳይቀር እንደዚያ ብሎ ነው የሚጠራኝ።

አንድ ምክር ልስጥዎ፤ ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው። ቡድን አይነበብም፤ ሰው ነው የሚነበበው። ሰው ይላኩልኝ። ማን ናት፣ ምን ትፈልጋለች፣ ምን ከለከላት?

ጣሪያውን ግን ይተዉት። የጣሪያ ወሬ የስፖርት ወሬ አይደለም። ለከተማ ገጽ አዘጋጁ ሰጥቼው ነበር፤ «የአዳራሽ ነገር የአንተ ነው» ብሎ መለሰልኝ። እንዲህ ሲንከባለል ይኖራል እንጂ የትም አይወጣም።

አክባሪዎ


ጥቅምት 18 ቀን

ጋሼ፣

(ጋሼ ማለቴን ይፍቀዱልኝ፤ «የተከበሩ» ስል የዕድገት ማመልከቻ የምጽፍ ይመስለኛል።)

ዕድሜዬን ጠይቀዋል፤ አርባ አራት ነው። ለጋዜጣ ከሆነ አርባ ይበሉት።

ጣሪያውን ትቼዋለሁ። እንዳሉኝ ሰው ይዤ መጥቻለሁ፣ ያውም ሦስት።

አንደኛዋ ማሽን ሁለት ጣቷን የወሰደባት ልጅ ናት። ኳስ ስትለጋ ከመዳፏ ጠማማ ሆና ትወጣለች። የት እንደምትወድቅ ተጋጣሚዎቻችን አያውቁም፤ እሷም አታውቅም። በዚህ ብቻ ስንት ነጥብ አግኝተናል።

ሁለተኛው ዳኛችን ነው። የቦይለር ሠራተኛ ነው። የቦይለሩን ግፊት የሚያይበት ሰዓት ሲደርስ ጨዋታውን አስቁሞ ይሮጣል፣ አይቶት ይመለሳል። አንድ ቀን ነጥቡን ረስቶ ተመለሰና ሁለቱን ቡድን ጠየቀ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ነገሩት። «እንዲህ ያለ መታመን መንግሥታት መካከል የለም» ይላል አሰልጣኛችን።

ሦስተኛዎቹ እናትና ልጅ ናቸው። እናትየዋ ክር ማጠንጠኛ ክፍል ነው የምትሠራው። ልጅየዋ ጨርቅ መርማሪ ናት፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ምሰሶ እንላታለን። መጋዘኔ ስትገባ ጎንበስ ትላለች፤ የማያስፈልጋት በር ላይም ለምዶባት ጎንበስ ትላለች። ሜዳ ላይ እናትየዋ ኳሷን ከመረቡ በላይ ታነሳላታለች፣ ልጅየዋ ዘላ ትመታለች። «እማዬ!» ብላ ስትጮህ ኳስ ስጪኝ ማለቷ ነው። ከዚህ የተነሳ የሃምሳ ዓመቷ የጽዳት ሠራተኛ ሳትቀር እናትየዋን እማዬ ነው የምትላት።

የቱ ይሆንዎታል?


ኅዳር 6 ቀን

ለቡድን መሪዋ፣

እናትና ልጅ! ምነው ከመጀመሪያው እንዲህ ቢሉኝ?

ኅዳር 27 ቅዳሜ በሜዳችሁ ጨዋታ እንዳላችሁ ጽፈውልኛል። ፎቶ አንሺ ይዤ እመጣለሁ። የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ስለሆነ ዋዜማውን እነሳለሁ። ለእናትየዋ ምንም እንዳትዘጋጅ ይንገሩልኝ፤ እንደወትሮዋ ትሁን። የተዘጋጀ ሰው ፎቶ ላይ የደነገጠ ይመስላል።


ታኅሣሥ 4 ቀን

ጋሼ፣

ተቆጥቼ እንደሆነ ጠይቀዋል። አልተቆጣሁም። ትልቁ ክለብ አሰልጣኙን ያባረረበት ቀን መሆኑን እኔ በምን ልወቅ፣ እርስዎስ ቢሆኑ ምን ያድርጉ?

ግን የጠየቁኝን ሁሉ እንድነግርዎ ስላሉኝ ልንገርዎ። ከሠራተኞች ክበብ ደህናውን ወንበር ተሸክመን አመጣን። ማንም እንዳይቀመጥበት ጨርቅ ጣልንበት። ጨዋታው አልቆ እስክንወጣ ድረስ ጨርቁ እንደተጣለበት ነበር። ምሰሶ «ጋዜጠኛው እኮ መጥቷል፣ ጨርቁ ውስጥ ነው» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። እማዬ አልሳቀችም። አትዘጋጂ ብላትም ፀጉሯን ተሠርታ ነበር።

አሸንፈናል። ነጥቡን አልጽፍልዎትም፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ።


ጥር 9 ቀን

ለቡድን መሪዋ፣

አብሮ የተላከውን ቁራጭ ያዩታል። ባልመጣም ከደብዳቤዎችዎ አንድ ነገር ሠርቼ ነበር፤ አርባ መስመር። የወጣው ዘጠኝ ነው። አራሚው ደግሞ «እናትና ልጅ» ያልኩትን «እህትማማቾች» አደረገው። በአንድ ሜዳ እናትና ልጅ ይሰለፋሉ ብሎ አላመነኝም። ደብዳቤዎን አሳየሁት፣ ጋዜጣው ግን ታትሞ አልቆ ነበር። ፎቶው የማን እንደሆነ አይጠይቁኝ፤ እኔም አላወቅኳቸውም።

አፍሬያለሁ። ሆኖም እንደገና ልጠይቅዎት፦ ሜዳ ላይ ሁለቱ ምን ይባባላሉ? እንደ እናትና ልጅ ይቆጣጣሉ? ይህን ካወቅኩ ሙሉ ጽሑፍ ይወጣዋል።


የካቲት 3 ቀን

ጋሼ፣

እማዬ ምን አለች ይሉኛል? ማንበብ ስለማትችል ዘጠኙን መስመር እኔ ነኝ ያነበብኩላት። «እህትማማቾች» ላይ ስደርስ አቋረጠችኝ። «ሃያ ዓመት ቀነሰልኝ በይኛ! እንዲህ ያለ ጋዜጣ በየሳምንቱ ይምጣ» አለች። ከዚያ ቁራጩን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ምሰሶ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ «እህቴ፣ እራት ደርሷል?» እያለች ስታናድዳት ሰነበተች።

ሜዳ ላይ አይቆጣጡም። ልጅየዋ አንዲት ቃል ነው የምትለው፣ እሱን ነግሬዎታለሁ። እናትየዋ ምንም አትልም። ዓይኗ ኳሷ ላይ ሆኖ ልጇ የት እንደደረሰች ከእርምጃዋ ድምፅ ታውቃለች። «እንዴት?» ብዬ ጠየቅኳት። «ከሆዴ ጀምሮ እኮ ነው ስትራገጥ የማውቃት» አለችኝ። ይህን ይጻፉት፤ ካልጻፉት እኔ ጋዜጠኛ እሆናለሁ።

ከእንግዲህ አንቺ ይበሉኝ። ይህን ያህል ከተጻጻፍን «እርስዎ» ሲሉኝ ሌላ ሰው ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል።

የዋንጫው ጨዋታ ሚያዝያ 12 ነው፣ በሜዳችን።


መጋቢት 11 ቀን

እህቴ፣

አንቺ እንዳልሽው ይሁን።

ወንበሩን አስቀምጪልኝ። አለቃዬ የሩብ ገጽ ቦታ ሰጥቶኛል፤ በጽሑፍ ነው የሰጠኝ፣ ፈርሞበታል። ትልቁ ክለብ ያን ሳምንት እረፍት ላይ ነው። ሰማይ ካልተደፋ ሚያዝያ 12 እዚያ ነኝ።


ሚያዝያ 3 ቀን

ጋሼ፣

ሰማዩስ መደፋት ጀምሯል። ከሰኞ ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። «ጨዋታው ይራዘም ይሆን?» ብለው መስጋትዎ ልክ ነው፤ አሰልጣኙ ሁለት ሳምንት እንግፋው ብሎኝ ነበር። እንግዳው ቡድንም አይከፋውም።

አይሆንም አልኩት። ሁለት ሳምንት ቢገፋ የእርስዎ ሩብ ገጽ አይጠብቀንም፤ እንዲህ ያለ ዕድል ደጋግሞ በር አያንኳኳም። ጆንያ እናነጥፋለን፣ በየመሀሉ እንወለውላለን። ስንት ክረምት እንዲሁ አልፈናል። እርስዎ ብቻ ይምጡ።


ሚያዝያ 11 ቀን

እህቴ፣

ይህን የምጽፍልሽ ከቢሮዬ ነው፤ ሻንጣዬ ከጎኔ ነው። አለቃዬ ሰው ልኮ ከአውቶቡስ መናኸሪያ አስመለሰኝ። የክለቡ ፕሬዚዳንት ነገ ጠዋት መግለጫ ይሰጣል ተባለ። የተፈረመበትን ወረቀት አሳየሁት። «ፈርሜ ሰጠሁ፣ አሁን ፈርሜ ወሰድኩ» አለኝ።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት እኔን ነው። እማዬንና ምሰሶን በእኔ ስም ይቅርታ ጠይቂልኝ። ውጤቱን በፍጥነት ላኪልኝ።


ግንቦት 6 ቀን

እህቴ፣

ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው። ተቀይመሽኝ ከሆነ ቅያሜሽን ጻፊልኝ። ዝም አትበዪኝ። ቢያንስ ማን አሸነፈ?


ግንቦት 20 ቀን

ጋሼ፣

ሦስቱም ደርሰውኛል። ስላልመለስኩ ይቅርታ።

ጨዋታው አላለቀም። ምሰሶ ታማለች፣ ሆስፒታል ናት። እማዬ አብራት ናት። ስለዚህ ጉዳይ ምንም እንዲጻፍ አንፈልግም።

ጤና ይስጥልኝ።


ግንቦት 28 ቀን

እህቴ፣

ማክሰኞ ዕለት የእንግዳው ቡድን አሰልጣኝ ለሌላ ጉዳይ ቢሮዬ መጣ። የቡድናችሁን ስም ሳነሳበት ወንበሬ ላይ ሳልጋብዘው ተቀመጠ። ሁሉን ነገረኝ። ከመረቡ በስተግራ እንደሆነ ነገረኝ። በአንገቷ እንደወደቀች፣ ከዚያ ወዲህ ከአንገቷ በታች እንደማይታዘዛት ነገረኝ።

የምልክልሽን ሁሉ ቅጂ አስቀራለሁ። የጥቅምቱን አውጥቼ አነበብኩት። «ጣሪያውን ግን ይተዉት» ይላል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። አንቺ በሦስት ደብዳቤ የነገርሽኝን በአንድ መስመር የጣልኩት እኔ ነኝ።

አሁን ልጻፈው። አምስቱን የአስተዳደሩን ማመልከቻ ላኪልኝ። ስንቱን የማይረባ ነገር ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ ይህን አንድ ነገር ልጻፍ።


ሰኔ 15 ቀን

ጋሼ፣

አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ጠይቀዋል፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፣ አልፈጀውም።

ከወደቀች በሦስተኛው ቀን የአስተዳደር ኃላፊው ወረቀት ይዞ ሆስፒታል መጣ። ወረቀቱ ምሰሶ የወደቀችው ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ከመኖሪያ ቤቷ ደረጃ ላይ ነው ይላል። እማዬ ከተስማማች ፋብሪካው ሕክምናዋን ሙሉ ይችላል፤ ካልተስማማች አይችልም። ቤታቸው ምድር ቤት ነው፣ ደረጃ የለውም። ወረቀቱን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ስጨርስ «አንቺ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። እኔም መድኃኒቱን አሰብኩና «አድርጊው» አልኳት። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አሳረፈች። ያንን ጣት ስንት ዓመት ከኳስ በታች ሳየው ኖሬያለሁ።

እርስዎ ስለ ጥቅምት ይጸጸታሉ። እኔ ስለ ሚያዝያ ልንገርዎ። አሰልጣኙ የጨዋታው ቀን ጠዋት እንደገና መጣ። በእጁ ወለሉን ዳብሶ «ይቅርብን፣ እለምንሻለሁ» አለኝ። እኔ «ጋዜጠኛው መንገድ ላይ ነው» አልኩት። እማዬን ጠየቅኳት፣ «አንቺ ካልሽ» አለች። ወንበሩን አስቀመጥን። እንደማይመጡ የሚነግረኝ ደብዳቤዎ ሚያዝያ 15 ደረሰ።

ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ ሦስት ዓመት ስለ ቡድኑ አፌን ሞልቼ ስናገር፣ ለልጆቹ የማስብ ይመስለኝ ነበር። ስማችን ጋዜጣ ላይ ወጥቶ እንዲነበብልኝ ነው የፈለግኩት። ለዚያ ነው ያስዘለልኳት። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም። ለእማዬም አልነገርኳት፤ የምታውቅ ግን ይመስለኛል። ሾርባ ይዤ ስሄድ «ተይው እዚያ» ትለኛለች እንጂ ቀና ብላ አታየኝም።

እና አሁን ልጻፍ ማለትዎ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። እርስዎንም ራሴንም ነው የምለው፣ አይቀየሙኝ።

ምሰሶ ግን ልታይዎት ትፈልጋለች። «እሱ ሰውዬ ሳያየኝ ዘጠኝ መስመር ከጻፈልኝ፣ ቢያየኝ ስንት ሊጽፍልኝ ነው?» ትላለች። አሁንም ትቀልዳለች። ብትተወው ይሻለኝ ነበር።


ሐምሌ 20 ቀን

እህቴ፣

በሰላም ገብቻለሁ። ከእናንተ ዘንድ ከተመለስኩ አሥር ቀን ሆነኝ፣ እስከ ዛሬ ለአንቺ መጻፍ አልቻልኩም።

አንቺ ውሃ ልታመጪ ስትወጪ ምሰሶ ምን እንዳለችኝ ጠይቀሽኛል። «ቁመቴን ገምት» አለችኝ። ተኝታ ስላየኋት አላወቅኩም። ተሳስቼ ገመትኩ፣ በአንድ ስንዝር አሳነስኳት። ከልቧ ተናደደች። ሌላ ምንም አላለችኝም።

እማዬ ግን ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ። ዶክተሩ ከዚህ በኋላ የሚሰጣት ነገር እንደሌለ ነግሯት ነበር። «እንግዲህ ምኗን ይቀሙኛል? ጻፈው» አለችኝ። አንቺም ሰምተሻል። ስለዚህ ጻፍኩት። ጣሪያውን፣ አምስቱን ማመልከቻ፣ የሌለውን ደረጃ፣ የራሴንም ደብዳቤ ሳይቀር አስገባሁ።

አለቃዬ ሁለት ጊዜ አነበበው። ጥሩ ጽሑፍ ነው አለኝ። ከዚያ ወደ ፋብሪካው ስልክ ደወለ። የእማዬ አሻራ ያለበት ወረቀት በማግስቱ በሰው ተላከለት። ፎቶ አንሺም ልኮ ነበር። ይዞ የተመለሰው ፎቶ ላይ የአዳራሹ ጣሪያ አዲስ ቆርቆሮ ነው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። ፎቶውን ፊቴ አስቀምጦ «የትኛው ጣሪያ ነው?» አለኝ።

ሥራዬን ለቅቄ እወጣለሁ ብዬ ተነሳሁ። በሩ ጋ ደረስኩ። ከዚያ ተመልሼ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ፣ የትልቁን ክለብ የዝውውር ዜና ጻፍኩ። ይህን ሌላ ሰው ከሚነግርሽ እኔ ልንገርሽ ብዬ ነው።

ጽሑፉን በእጄ ገልብጬ ልኬልሻለሁ፣ አሥራ አንድ ገጽ ነው። አንብቢላት። ጋዜጣ ባይሆንም የተጻፈ ነገር ነው።


ነሐሴ 26 ቀን

ወንድሜ፣

ኮሪደሩ ላይ ሳላስበው «አንተ» ካልኩህ ወዲህ «እርስዎ» አልመጣልኝ ብሏል። ይቅር ትለኛለህ።

አዎ፣ የሰማኸው እውነት ነው። ነሐሴ 19 ጠዋት አረፈች። ሳንባዋ ነው። እናቷ ልታገላብጣት ስትነሳ ቀዝቅዛ አገኘቻት። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

ጣሪያውን ማን እንዳሠራው ጠይቀሃል። ፋብሪካው ነው። አዳራሹን የክር መጋዘን አድርገውታል፣ የድሮው ጠቦ ነበር። ክር እርጥበት አይወድም ተባለና ቆርቆሮው በአራት ቀን ተቀየረ። ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ፣ የክር መጋዘን ኃላፊ አይደለሁ? ከመረቡ በስተግራ የነበረው ቦታ ላይ አሁን ነጭ ክር ነው የተደረደረው። በቀን አሥር ጊዜ በዚያ አልፋለሁ።

ጽሑፍህ በክረምቱ መንገድ ዘግይቶ፣ ከማረፏ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ደረሰ። አነበብኩላት፣ ሦስት ጊዜ። እማዬም ቁጭ ብላ ሰማች። «ተንሸራትታ ወደቀች» ያልከው ላይ ምሰሶ አስቆመችኝ። «አልተንሸራተትኩም» አለች። «ዘልዬ መትቻለሁ። የተንሸራተትኩት ስወርድ ነው። መምታቴን አስገቡልኝ።» እሺ አልኳት። ከዚያ፣ «ግን ኳሷ ገባች?» አለችኝ።

ወንድሜ፣ አራት ወር ሙሉ ማንም ይህን አላሰበም። አዳራሹ ውስጥ የነበርነው ሁሉ እሷን ነበር የምናየው። «ነገ እነግርሻለሁ» ብያት ወጣሁና ቦይለር ክፍል ሄድኩ። ዳኛችን የዚያን ቀኑን ወረቀት ከሣጥኑ አውጥቶ አሳየኝ። ሃያ ሦስት ለሃያ ሦስት ይላል፤ ከዚያ በታች አንድ ሰያፍ መስመር አስምሮ «ተቋረጠ» ብሎ ጽፎበታል። «ኳሷስ?» አልኩት። ወረቀቱን መልሶ ሣጥኑ ውስጥ ከተተው። «ኳስ ማን አየ?» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ገባሁና፣ «ገብታለች። ከኋላው መስመር ላይ፣ ጥጉ ጋ» አልኳት። እኔን አላመነችኝም። አንገቷን ማዞር ስለማትችል ዓይኗን ብቻ ወደ እናቷ አዞረች። «እማዬ፣ አየሻት?» አለች። እማዬ፣ ልጇ አየር ላይ ሳለች ጀምሮ ከፊቷ ዓይኗን ያላነሳችው እማዬ፣ «አይቻታለሁ» አለች። ደረጃውን አስፈርመው ነው ያስዋሿት። ይሄኛውን ግን ማንም ሳያስገድዳት ዋሸች። ምሰሶ «አልኳችሁ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ያን ቀን ደህና ዋለች።

ለማረፏ ዜና አራት መስመር ተፈቅዶልኛል፣ ምን ልበል ብለሃል። ጣሪያ እንደማይገባበት አውቃለሁ። ደረጃ የሚል ቃል ግን እንዳታስገባ፣ ከዚያስ ጭራሽ ባይወጣ ይሻላል። ዕድሜዋን ጻፍ። ቁመቷን ጻፍ፣ አሁን ታውቀዋለህ። የእናቷ ልጅ መሆኗን ጻፍ፣ እህቷ አይደለችም። አራተኛው መስመር ላይ የመጨረሻ ኳሷ ገብታለች ብለህ ጻፍ። አንተ አላየህም፣ እኛም አላየንም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያላየኸውን ጽፈህ አታውቅም አልልህም።

እማዬ ትናንት ማጠንጠኛ ክፍል ተመለሰች። ስታልፍ መጋዘኑ በር ላይ ቆመችና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። «መቼ ነው የሚወጣው?» ብቻ ነው ያለችኝ። ቅዳሜ አልኳት። አሁንም የማነብላት እኔ ነኝ። ከወጣ ላክልኝ። ካልወጣም ቀደም ብለህ አሳውቀኝ፤ የሌላ ሰው ወሬ ያለበት ጋዜጣ ይዤ እሄድና አራቱን መስመር አነብላታለሁ።

የቡድን መሪዋ